መብራት አልጠፋም

«ማንም የለም፤ በገዛ እጄ ነው የምሠራው። አቧራ የሚጠርግልኝ አንድ ልጅ ቢጤ አለ እንጂ» ሲል ሰማሁት፣ ወንድሜ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እሱ መታጠቢያ ቤት ሆኖ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ፂሙን እየተላጨ ያወራል፤ እኔ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር በተወጠረው ሽቦ ላይ የልጄን የሥራ ቱታ አሰጣለሁ። ከወዲያ በኩል ያለው ሰውዬ «እንግዲያው እጅህ ይባረክ፤ ነገ ያልኩህን ትቼ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ብቅ ልበልና ልየው» አለው። ወንድሜ ሳቀ፤ ደስ እንደሚለው፣ እንደሚጠብቀው ነገረው። ያ «ልጅ ቢጤ» የተባለው ሃያ ሰባት ዓመት የሞላው ልጄ ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ቢሆን ደግ ነበር። እኔ ግን ቀና ብዬ ያየሁት መስኮቱ የቱን ያህል እንደተከፈተና ወንድሜ አይቶኝ እንደሆነ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ ነው ብዬ የማነሳ ሰው ነኝና፣ የፈራሁት ሲደርስ እንኳ ሌላ የምፈራው አላጣም።

ሰውዬው የጀልባና የአምቡላንስ አካል የሚሠራ ትልቅ ወርክሾፕ አለው። ልጄ ስለ እሱ ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም፤ ሰውዬው ሥራዬን አንድ ጊዜ በዓይኑ ይየው እንጂ እዚያው ቆሞ ነው የሚቀጥረኝ ይላል። የሚታየው ነገር ወንድሜ ጋራዥ ውስጥ የቆመችው፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የስፖርት መኪና ናት። ሞተሯና ሻንሲዋ ካረጀ መኪና የተወሰደ ነው። ቦታውንና ዕቃውን ያቀረበው ወንድሜ ነው፤ አልክድም። አካሏን ግን፣ ሁለቱን በሮች፣ ፓራፋንጎዎቹን፣ ጣራዋን፣ ካርቦን ፋይበር ከሚባለው ጨርቅ፣ በሬዚን እያጠነከረ፣ አንድ በአንድ ያወጣው ልጄ ነው። ለሰውዬው ፎቶ አንስቶ፣ አብሮም ማብራሪያ ጽፎ የላከው እሱው ራሱ ነው። ጥፋቱ በወንድሜ ስልክ መላኩ ነው፤ የልጄ ስልክ ካሜራው ተሰንጥቋል። ያን ጊዜ ስምህን ጽፈሃል ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ አጎቴ ይነግረዋል እኮ እማ፣ አለኝ። ይኼን ሥራ ካገኘ ከወንድሜ ጓሮ ካሉት ሁለት ክፍሎች እንወጣለን። ስምንት ዓመት ሙሉ ውኃውን ቀንሱ፣ በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉ ስንባል ኖረናል። ከዚህ ሌላ የምመኘው የለኝም፤ ይኼንንም ስመኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው።

ጋራዥ ስገባ ልጄ ሚዛኑ ላይ አጎንብሶ ነበር። የሰፈሩ ሰው «ሙጫው» ይለዋል፤ ጣቶቹ ላይ የደረቀ ሬዚን ስለማይጠፋ ነው። ሬዚኑ መቶ ግራም ከሆነ ማጠንከሪያው ሠላሳ ነው፤ ሠላሳ አንድ አይደለም። ሁልጊዜ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚመዝነው። ከተቀላቀለ በኋላ ዕቃው ውስጥ ያለው ዕድሜ አርባ ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያን ሰዓት የሚያናግረው ሰው መልስ አያገኝም። የሞተሩ ክዳን፣ የኮፈኑ፣ ቅርጽ ማውጫ ሞልድ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ ልክ እንደ ትልቅ ገበቴ ነው፣ ሆዱ ስድስት ጊዜ ሰም ተቀብቶ ፊት ያሳያል። ኮፈኑ የመጨረሻው ነው፤ እሱ ከወጣ መኪናዋ አለቀች። ጨርቁን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የሌሎቹንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ሜትሩ አስራ አንድ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቼ የማገኘውን ያወጣል፤ ስለዚህ መቀስ ከማንሳቴ በፊት ሦስቴ እለካለሁ። ጥቁር ሐር ይመስላል፣ ጠርዙን ሲነኩት ግን ይበተናል፣ ድሩ ከማጉ ይሸሻል። ጎባጣ ቦታ ላይ የሚያርፍ ጨርቅ ሰያፍ ካልተቆረጠ አይታዘዝም ብዬ ለልጄ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ጉርድ ቀሚስ የሰፋች ሁሉ የምታውቀው ነገር ነው። እሱ ግን በሰማ ቀን ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ፤ ሁለት በር አበላሽቶ ያጣውን ነገር ነው አሉ የሰጠሁት።

የሰማሁት ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ልጄ ግን ብሩሹን አንስቷል፣ ሬዚኑ ተቀላቅሏል። አንድ ድርብ ጨርቅ አነጠፈ፣ አራሰ፣ በሮለር ተጫነው፤ ሌላ ድርብ ደገመ። ሦስተኛውን ሲያነጥፍ እኔ ከወዲህ ይዤለታለሁ፤ እጃችን ሳይነጋገር ይሠራል። ከዚያ በላዩ ላይ ትርፉን ሬዚን የሚመጥ ጨርቅና ወፍራም ላስቲክ ዘረጋ፣ ዙሪያውን በማጣበቂያ አሸገው፣ ቱቦ ሰካበትና ፓምፑን አስነሳ። ፓምፑ ከላስቲኩ ሥር ያለውን አየር እየመጠጠ ሲያወጣ ላስቲኩ ተሸበሸበና ጨርቁን ሞልዱ ላይ ጨምድዶ ያዘው፤ አንድ ግዙፍ እጅ ከላይ የተጫነው ይመስላል። የፓምፑን ጉልበት የሚለካው ጌጅ ላይ በቀይ ማርከር የተሰመረ መስመር አለ። እስኪደርቅ ድረስ መርፌው ከዚህ እንዳይወርድ፣ ቢወርድ ጨርቁ ከየጥጉ ተነስቶ አየር እንደሚገባበትና ኮፈኑ እንዳለቀለት ነገረኝ። ለማድረቂያ ሁለት የሙቀት አምፖል አበራበት። ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እንፈታዋለን አለ። አሁን ልንገረው ብዬ አፌን ስከፍት ወንድሜ ገባ።

ሽቶ ሽቶ ይሸታል፤ ሸሚዙ ተተኩሷል። የፊት መስታወቱ ጎማ ከከተማው ዳር ያለ አንድ ሱቅ መምጣቱን፣ ሱቁ ስድስት ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ ልጄ አሁኑኑ ሄዶ እንዲያመጣው ነገረው። ሁለት ታክሲ ተይዞ የሚኬድ ቦታ ነው። ልጄ ጓንቱን እያወለቀ «ሰውዬው ነገ ነው አይደል አጎቴ የሚመጣው?» አለው። «ነገ ነው» አለ ወንድሜ፣ ዓይኑን ከመኪናዋ ሳይነቅል። እኔ በሁለቱ መሃል ቆሜያለሁ። ብናገር ምን ይሆናል? ልጄ ጓንቱን ይወረውራል፣ ይጣላሉ፣ ሳይመሽ የስፌት መኪናዬ ከነእግሯ አስፋልት ዳር ትቆማለች፣ በላይዋ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ዝናቡን ሳይቀር አየሁት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ ዝም አልኩ። ልጄ ሲወጣ በጆሮዬ «ከመርፌው ዓይንሽን እንዳታነሺ፤ ሌላ ምንም አትንኪ» አለኝና ሄደ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለውን ኮሮኮንች በእግሩ ነው የሚወጣው፤ ሮጬ ብደርስበት እደርስበት ነበር። በጋራዡ በር ክፍተት ጀርባውን እያየሁ ቆምኩ።

ሰውዬው ልክ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ክፉ ሰው ቢሆንልኝ በወደድኩ። ጨዋ ነው፤ ከወንድሜ በፊት እኔን ነው «ጤና ይስጥልኝ እናቴ» ብሎ ሰላም ያለው። ወንድሜ፣ እህቴ ናት፣ ሻይ ታፈላልናለች አለ። ሰውዬው መነጽሩን አውጥቶ በሩን በመዳፉ ዳበሰ፤ ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ከበሩ እስከ ፓራፋንጎው ድረስ የጨርቁን ጥለት በጣቱ ተከተለው። መስመሩ አንድም ቦታ አይሰበርም፤ በሩ ሲዘጋ ጥለቱ ከጎኑ ካለው ጋር እንዲገጥም ብዬ አራት ቀን የተጨነቅኩበት ነው። «ይኼን የቆረጠ ሰው ጨርቅ ያውቃል» አለ። አፌ ተከፈተ። ወንድሜ አየኝ። አልተቆጣኝም፣ አላፈጠጠብኝም፤ ዝም ብሎ ሰው የቤቱን ዕቃ እንደሚያይ ነው ያየኝ። «የዓይን ጉዳይ ነው» አለው ለሰውዬው፤ እኔም አፌን ገጠምኩ። ስንት ድርብ እንዳለው ሲጠይቀው ሦስት አለ፤ በየት በየት አቅጣጫ እንደተነጠፈ ሲጠይቀው ግን፣ እሱን እንኳ በወሬ ሳይሆን በተግባር ነው የማሳይህ ብሎ ሳቀ። ሰውዬውም ሳቀ። የወንድሜን ለስላሳ እጅ ሲጨብጥ እንዴት አልጠረጠረም እያልኩ እስከ ዛሬ እገረማለሁ። ሰውዬው፣ ኮፈኑ እንደነዚህ ሆኖ ከወጣ ሰኞ ውል እንፈራረማለን፣ አስር ልጆች እሰጥሃለሁ፣ ታሰለጥንልኛለህ አለው። ተያይዘው ሳሎን ገቡ።

ሻዩን አድርሼ ተመለስኩና ፓምፑ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ፓምፑ ያጓራል። ነካሁት፤ አካሉ ግሏል፣ የተቃጠለ ዘይት የሚመስል ነገር ሸተተኝ። እኔ ገበያ ስወጣ ፍሪጅ ሳይቀር የምነቅል ሴት ነኝ፤ ልጄም ወንድሜም የሚስቁብኝ በዚህ ነው። ሰው በሌለበት ክፍል የበራ ነገር ካየሁ፣ እሳት ተነስቶ፣ ጎረቤት ጮኾ፣ አምቡላንስ መንገድ ተዘግቶበት ሁሉ ይታየኛል። ሶኬቱን ነቀልኩት። ለራሴ ያልኩት፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ ነው። ድምፁ ሲቋረጥ ከሳሎን የወንድሜ ሳቅ ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤ ስለ ሬዚን ጠባይ እያስረዳው ነው፣ ቃል በቃል የልጄን አነጋገር፣ «ሬዚን እንደ አማት ነው፣ ከቸኮልክበት ይጠላሃል» የምትለዋን ቀልድ ሳይቀር። መርፌው ወርዶ ቀዩን መስመር አለፈ። ላስቲኩ ቀስ እያለ ላላ፣ ልክ መቀነቱ እንደተፈታለት ሰው። መልሼ ልሰካው እጄን ላክሁና ያዝኩት። ይበላሽ፣ አልኩ። በልቤ ነው ያልኩት፣ ግን ብያለሁ። ይበላሽና ውል አይኑር፣ ሰኞ አይኑር፣ ማንም በልጄ ልፋት እጅ አይጨብጥ። እንዲህ እያልኩ ስንት ደቂቃ እንደተቀመጥኩ የግድግዳው ሰዓት ነው የነገረኝ፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ያን ጊዜ ነው ማንን እየቀጣሁ እንደሆነ የታየኝ። ሶኬቱን መልሼ ሰካሁ። ፓምፑ አጓራ፣ ላስቲኩ ተጨማደደ፣ መርፌው ወጥቶ ቀድሞ የነበረበት ቦታ ላይ ቆመ። ሲያዩት ምንም የሆነ ነገር የለም። ምናልባት ምንም አልሆነም አልኩ፤ በሕይወቴ ደግ ነገር ተስፋ ያደረግሁበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

ልጄ ስምንት ሰዓት አልፎ፣ ጎማውን በትከሻው ጠምጥሞ፣ ፀሐይ ፊቱን ልጣው መጣ። ሱቁ ከነጭራሹ ለዛሬ ቀጠሮ አልያዘም ነበር፤ ባለሱቁን ከቤቱ አስጠርቶ ነው ያስከፈተው። ይኼን ሲነግረኝ እንኳ በአጎቱ ላይ አንዳች አልጠረጠረም፤ አጎቴ ቀን አምታትቶ ነው አለ። በቀጥታ ጌጁ ጋ ሄደ። መርፌውን አየ፣ ፈገግ አለ፣ መጥቶ ሁለት ትከሻዬን ያዘኝ። «በዚህ ቤት አንቺ ያልነቀልሽው ሶኬት ይኼ ብቻ ነው» አለኝ። ሳቅኩ። ምን ዓይነት ሳቅ እንደሆነ እንጃ፣ ግን ሳቅኩ። ያቆየሁለትን ዳቦ በቁሙ እየበላ ሰውዬው ነገ ሲመጣ ምን እንደሚለው ሲለማመድ ነበር፤ «ጌታዬ» ልበለው ወይስ «ኢንጂነር» እያለ ጠየቀኝ። ኢንጂነር በለው አልኩት። ከዚያ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ያለውን ጊዜ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ እየተከልኩ አሳለፍኩት፤ ሁለቱን በግራ በኩል ተክዬ መልሼ ፈታሁ።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወንድሜ ፎቶ ለማንሳት ስልኩን አዘጋጅቶ መጣ። ልጄ ፓምፑን አጠፋ፣ ላስቲኩን ገፈፈ፣ ከሥሩ ያለውን የሬዚን መምጠጫ ጨርቅ ቀደደ። በፕላስቲክ ሽብልቅ ዙሪያውን ቀስ እያለ ከፈተው። ኮፈኑ ቀጭ ብሎ ከሞልዱ ሲለቅ ሁልጊዜ የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ፤ ልጄም እንደ ሁልጊዜው «መጣህልኝ» አለው። ገለበጠው። ፊቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ነጫጭ ነጥቦች ወጥተውበታል፤ ፈንጣጣ ያለፈበት ፊት ይመስላል። አፍንጫው ላይ፣ ኮፈኑ ወደ ታች በሚታጠፍበት፣ ልጄ በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገባ። ሥሩ ባዶ ነው፤ ጨርቁ ከጥጉ ተነስቶ ቆሞ ቀርቷል። ሳንቲም ከኪሱ አውጥቶ መላ አካሉን ማንኳኳት ጀመረ። ደህና ሥራ ሲያንኳኩት እንደ ሸክላ ሳህን ይጮኻል፤ ይኼኛው ግን እንደ ካርቶን ድም ድም ይላል። መሃሉ ላይ ትንሽ ይጮኻል፣ ከዚያ መልሶ ድም ይላል።

ወንድሜ ያለውን ሁሉ አልጽፈውም። የጨርቁን ዋጋ አነሳ፣ ያኖረንን ዓመት አነሳ፣ ሟች አባቱንም አነሳበት። ልጄ የሚሰማው አይመስልም። ጌጁን ፈታትቶ አየ፣ ማሸጊያውን ዙሪያውን በጣቱ ተከተለው፣ ቱቦውን ነፍቶ ሞከረው። ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ክስ አይደለም፣ ልመና ነው።

«እማ፣ እኔ ስሄድ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«አልጠፋም» አልኩ።

እውነቴን ነው፤ መብራት አልጠፋም። ከማሰቤ በፊት ነው የወጣው። ወንድሜም ከኋላዬ፣ ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩት፣ ለሰከንድ እንኳ አልጠፋም ብሎ መሰከረ። ልጄ የሚቀጥለውን ጥያቄ እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ። ነቅለሽው ነበር ወይ ቢለኝ እነግረው ነበር፤ እንደዚያ ብዬ አምናለሁ። አልጠየቀኝም። እኔን መጠየቅ አልመጣለትም። ሚዛኑን አነሳና ግርጌውን አየው፣ የመዘነበትን ደብተር ገልጦ ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ ደጋግሞ አነበበ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። «ታዲያ እጄ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ወንድሜ እዚያው ቆሞ ለሰውዬው ደወለ፤ እንደ ልማዱ ድምፅ ማጉያው ላይ ነው። ልጄ ሰውዬው ቀን ላይ መጥቶ እንደሄደም ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ወንድሜ «ጠዋት ያየኸው ኮፈን» ብሎ ነው ወሬውን የጀመረው። ልጄ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ቀና ማለት አቃተኝ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ኮፈኑን የሠራው እኔ አይደለሁም፤ የእህቴ ልጅ ነው» አለው ወንድሜ። ከነአባቱ ስም ጠራለት። በሩን ሲሠራ፣ ጣራውን ሲሠራ ያልተጠራው ስም አሁን ተጠራ። ሥራ ይልመድ ብዬ ሰጥቼው ነው፣ አበላሸው አለው። ከወዲያ ሰውዬው፣ ለዘመድ ማዘን ጥሩ ነው፣ ይኼ ሥራ ግን እንደዚያ አይወድም፣ በሮቹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ አንተ ብቻ ሰኞ ና፣ አለ።

ወንድሜ ወደ ቤቱ ገባ። ልጄ ሊጮህ፣ ሊሄድ፣ የሆነ ነገር ሊሰብር ነው ብዬ በሩን ተደግፌ ጠበቅሁ። ያን ሁሉ አላደረገም። ለምን አልነገርሽኝም እንኳ አላለኝም። ሳንቲሙን እንደያዘ መኪናዋ ጋ ሄደና የግራውን በር ማንኳኳት ጀመረ። በሩ ጥርት ብሎ ጮኸ። ጆሮውን አስጠግቶ ደገመው፤ ያው ጮኸ። ፊቱ ግን ቅር እንዳለው ነው። ደጃፉ ላይ የቀረው ብርሃን ትንሽ ነው፤ በእሱ እንደገና አጎንብሶ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ጣት በጣት እያንኳኳ ሄደ።

«ነይ እስቲ ስሚ እማ» አለኝ። «ይኼም ውስጡ ባዶ ነው፣ አይደል?»

ቀረብ ብዬ ሰማሁ። እንደ ደወል ነው የሚጮኸው። ባዶ አይደለም ብለው፣ በምን አወቅሽ ይለኛል፤ በምን እንዳወቅሁ ለመናገር ደግሞ ከኮፈኑ መጀመር ሊኖርብኝ ነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፤ የምታውቀው አንተ ነህ» አልኩት።

ጠመኔ አነሳና ደህናው በር ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አደረገበት። ከዚያ ዞሮ ወደ ቀኙ በር ሄደ።